ወራጅ አለ

ሃያ ሁለት ዓመት መሪ ጨብጫለሁ፣
በሞንቴቪዴዎ፣ ባሕር ባሕሩን ይዤ፣ ስንቱን አድርሻለሁ፤
ተማሪውን፣ ዓሣ ሻጩን፣ ጡረተኛውን ከነምርኩዙ።
አንድ ተሳፋሪ ብቻ አልወርድ ብሎኛል፣
ከኋላ ወንበር ላይ በመስታወት ይታየኛል፦
አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ገና አልደረቀም፣
የዋና ቦርሳውን አቅፏል፤
እኔ ሳረጅ እሱ አያድግም።

ሚርታ ናት የተናገረችው፣
ሽንኩርት እየላጠች፣ ፊቷን ሳታዞር፦
«ዊልማር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያገባሁት ጀርባህን ነው።
እጄ ትከሻህን ሲነካው፣
ቤት ውስጥ ሌባ የገባ ይመስል ብድግ ትላለህ።
እኔ ሌባ አይደለሁም።»
ሽንኩርቱ ነው፣ አለች ዓይኗን እየጠረገች።
ሽንኩርቱ ነው፣ አልኩ እኔም፣
አንድም ሳልልጥ።

ከሠራተኛ ማኅበሩ ወረቀት ሰጡኝ፣ ሦስት ስም ያለበት።
አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት፤
ሱሪዬ ሁለት ጊዜ ታጠበ።
ስሞቹ ሊጠፉ ሲሉ ነው የደወልኩት።

የመጀመሪያው «ከአራት ወር በኋላ» አለኝ።
አራት ወር ምን አላት፣ አርባ አንድ ዓመት ለጠበቀ፤
ግን ስልኩን ስዘጋው መዳፌ በላብ ርሶ ነበር።
ሁለተኛው ተቀበለኝ፤ ጠረጴዛው እንደ ሜዳ ሰፊ።
«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልህ?» አለ፣
ቀጥሎም፣ ብዕሩን አዘጋጅቶ፣
«ለመሆኑ የሚያምርህ ወንድ ነው ሴት?»
ቀይ መብራት።
ከፍዬ ወጣሁ።
ያን ቀን ሁለት ፌርማታ ሳላቆም አለፍኩ፤
ጮኹብኝ፣ እውነታቸውን ነው።

የሦስተኛዋን ስም ሳሙና በልቶት
«ልሚራ» ብቻ ቀርቷል፣
ከቁጥሩም መጨረሻ አንዱ ጎድሏል።
ከዜሮ ጀምሬ ሞከርኩ፦
ዳቦ ቤት፤ የተቆጣች አሮጊት፤
የሚያፏጭ ፋክስ (እሱን ቶሎ ዘጋሁት፣ ፉጨት አልወድም)፤
ሰባትን ስሞክር ተገኘች። ኤደልሚራ።

ከጫማ ሰፊ ሱቅ በላይ ነው ክፍሏ።
ደረጃው አሥራ አራት፤ አሥራ ሁለተኛው ላይ ተቀመጥኩ።
ማስቲሽ ይሸታል። መዶሻው ከታች ቋ፣ ቋ።
ልመለስ ስነሣ በሩ ተከፈተ፦
«የት መቀመጥ ትፈልጋለህ?»

ይኸው ነው ያለችው።
ይህን ገላ የት ይሁን ብሎ የጠየቀው
ሰው አልነበረም እስከዚያች ቀን።
ከበሩ አጠገብ መረጥኩ።
በሩንም ገርበብ አድርጋ ተወችልኝ።

ሃምሳ ደቂቃ ስለ ፍሬን አወራኋት፦
ቁልቁለት ላይ እንዴት እንደሚግል፣
ብዙ የተያዘ ፍሬን እንዴት እንደሚሸት፣
ነዶ ነዶ በመጨረሻ እንዴት መያዝ እንደሚተው።
«ስንት ዓመት ይዘኸዋል?» አለችኝ።
ስለ አውቶቡሱ መስሎኝ አፌን ከፈትኩ።
ከታች መዶሻው ቆመ።

የቀረውን እዚህ አልጽፈውም፤
እሷ ሰምታዋለች፣ ይበቃል።
የዋና አሠልጣኙን ስም ዛሬም አልጠራም።
«በእግሬ ነው የሄድኩት» አልኳት አንድ ቀን፣ «ማንም አልጎተተኝም፤ ዋና እወድ ነበር።»
«ዋና መውደድህ ዋና መውደድህ ነው» አለች፣
እኔም በዚያ ጎዳና፣ በዩኒፎርሜ፣
እስከ ማታ ሞኝ ይመስል ደጋገምኩት።

አሁን ሚርታ ሳትነካኝ በፊት ስሜን ትጠራለች።
አንዳንድ ማታ «ዛሬ አይሆንም» እላለሁ፣
መብራቱን ታጠፋለች፣ አትቀየምም፤
አንዳንድ ማታ ትቀየማለች።
አንዳንድ ማታ ደግሞ፣ ሳላስበው፣
ፊቴን አዙሬ አገኘዋለሁ።

ትናንት በመጨረሻው ዙር፣ ባዶ አውቶቡስ፣
«ወራጅ አለ!» የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።
ቆምኩ። በሩን ከፈትኩ። የባሕር ነፋስ ገባ።
ማንም አልወረደም።
ልጁ ግን ከኋላ ወንበር ተነሥቶ፣
ብረቱን እየያዘ፣ እየተንገዳገደ መጥቶ
አጠገቤ ቆሟል።
«ቤት ነው?» አለኝ።
ገና ነን፣ አልኩት። ሐሙስ ቀጠሮ አለን።