ስድስት ደቂቃ ለሲሳክ

ዛግሬብ፣ ዋናው ጣቢያ፣ የጥር እኩለ ሌሊት፤
መስኮት ቁጥር ሦስት ላይ እኔ ነኝ ያለሁት።
ትኬት እቆርጣለሁ፣ ሳንቲም እመልሳለሁ፣
ሰው የጠፋ እንደሆን ሰሌዳ አነባለሁ፦
ቪንኮቭትሲ፣ ቫራዥዲን፣ ሪየካ፣ ኦጉሊን፣
ቡዳፔስት በማለዳ፣ ሉብሊያና ቀን ቀን።
ስማቸውን እንጂ መልካቸውን አላውቅ፤
ሰው እሸኛለሁ እንጂ ከወንበሬ አልርቅ።

ጣቢያ ለአላፊ አግዳሚው ግንብ ነው፣ ሰዓት ያለበት፣
ርግብ የሚያርፍበት።
ለእኛ ግን ሽመና ነው፦
ድሩ ከባሕር ሲመጣ፣ ማጉ ከሜዳ ሲገባ፣
አንዲት ክር የዘገየች ለት ሌሊቱ በሙሉ ሲዛባ።

የዚያን ለት ሸማኔዋ ልየርካ ነበረች፤ ቀይ ኮፍያ፣
የወንድ ካፖርት፣ አረንጓዴ ፋኖስ፣ የፊሽካ ማንጠልጠያ፤
ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባቡር ስትሸኝ የኖረች፣
የገዛ ባሏ እየሮጠ «ሰዓቱ ደርሷል» ብላ የነፋች።

ስልኩ ጮኸ።
ከስፕሊት የሚመጣውን ሊካ ላይ ነፋስ ይዞታል፤
ፉርጎ የሚገለብጥ ነፋስ፣ ስም አለው፣ ቡራ ይሉታል።
ቶንቺ ነው፣ ትኬት ተቆጣጣሪው፦
«አንድ መንገደኛ አለኝ፣ ለሲሳኩ ባቡር።
አንድ ብቻ።»
«ስንት ደቂቃ?»
«ስድስት። እሱም ብንበር።»

የሲሳኩ የመጨረሻው ነው፤ ሌላ የለም እስኪነጋ።
አርባ አንድ ሰው ተሳፍሯል፤ እኔው ነኝ የሸጥኩላቸው ባንድ ዋጋ፤
ከሥራ የወጣች ነርስ፣ ጫማዋን ያወለቀች፣
ከራሷ የሚበልጥ ቼሎ ወንበር ላይ ያስቀመጠች
ተማሪ፤ እጁ ደም ደም የሚሸት ሥጋ ቆራጭ።
ልየርካ ሰዓቱን አየች። ሰዓቱም እሷን አያት።
ፊሽካው ከንፈሯ ላይ ቀረ፤ ምን እንደነካት እንጃላት።

አንደኛውን ደቂቃ ማንም ልብ አላለው።
በሁለተኛው መስኮት ወረደ፤ «ምን ሆነን ነው?»
በሦስተኛው ወሬ ከፉርጎ ፉርጎ ነደደ፦
«ሐኪም ነው አሉ፣ ኩላሊት በበረዶ ይዞ የሄደ።»
«የለም፣ ሙሽራ ናት።»
«ሙሽራ! የሚኒስትር ልጅ ነው እንጂ፣
ለእኔና ላንተማ ባቡር መች ይቆማል ወዳጄ!»
ይኼ ሥጋ ቆራጩ ነው።
አራተኛውን አላስታውስም። አምስተኛው ረጅም ነበር፤
በረዶው ራሱ አየር ላይ የቆመ ይመስል ነበር፣
መውረድ አለመውረዱን ሊማከር።

ገባ። መስኮቱን ሁሉ የባሕር ጨው አልብሶት።
አንድ ሽማግሌ ወረደ፤ ከረጢት ሎሚ፣ አሮጌ ኮት፣
ግራ እግሩን እየጎተተ፣ እንደ እሑድ እየተንቀራፈፈ።
«ይሩጡ!» አለች ልየርካ። «ይሩጡ እንጂ አባቴ!»
«ኧረ ተይኝ ልጄ፣ ለምኑ? የሚጠብቀኝ የለ ቤቴ።
አግዳሚው ላይ ጋደም ልበል፣ የጠዋቱን እይዛለሁ።
ሂጂ፣ ባቡርሽን ልቀቂ።»

አርባ አንድ አንገት በመስኮት ወጥቶ ይህንን ሰማ፦
የሚጠብቀኝ የለም።
የሳቀ የለም። የተሳደበም።
ሥጋ ቆራጩ ወረደና ከረጢቱን ነጠቀው፤
«ግባ አንተ ሽማግሌ፣ ብርድ አስገባህብን!» አለው፣
በእውነተኛ ቁጣ።
ልጅቱም ቼሎዋን አነሣች፣ ወንበሩን በእጇ ጠረገች።

ፊሽካ። አረንጓዴ።
የኋላዋ መብራት ቀልታ፣ ቀልታ፣ መታጠፊያው ጋ ጠፋች።

ልየርካ ገብታ መዝገቧን ከእኔ መስኮት ሥር ገለጠች።
«የመዘግየት ምክንያት» ይላል፤ ቦታው አንድ መስመር ነው።
ለሁሉም ቁጥር ተሰጥቷል፤ ለሐዲድ ስብራት፣ ለሰው ጥፋት፤
ይህ ግን የትኛው ነው?
ብዕሯን ነከሰች። ወደ እኔ አየች። እኔ ሳንቲም ቆጠርኩ።
ጻፈች፦ ነፋስ።

ውሸት አይደለም።
ከከረጢቱ ያመለጠች አንዲት ሎሚ መድረኩ ላይ ቀርታ ነበር፤
አንሥታ አመጣቻት፣ መዝገቡ ላይ አስቀመጠቻት፣
ገጹን ነፋስ እንዳይገልጠው።