ስድስት ቁጥር ሽቦ

ኮትካ ወደብ ጥግ፣ ኅዳር ሊወጣ ሲል፣
ባሕሩ ልርጋ ወይስ አልርጋ እያለ ሲያመነታ፣
ኦይቫ መጣ በማለዳ፣ በሁለት ልጆቹ አሸክሞ
የመረብ መሳቢያውን ክንድ፣ የተሰበረ ከመጋጠሚያው ቦታ።
«ከነገ ወዲያ እወጣለሁ» አለ፤ ሌላ አልጨመረ፤
ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ረስቶ ሄደ፤ ነገሩ በእኛ ላይ ቀረ።

ታውኖ ብረቱን አየና፣ እኔን አየኝ ደግሞ፤
«ሴንያ፣ ያንቺ ነው» አለኝ፣ እጁን ኪሱ ከቶ፣ ከደጃፉ ቆሞ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ጠርጌ፣ ሞርጄ፣ ቆርጬ፣
ይችን ቃል ነበር የጠበቅሁ፣ ምራቄን ውጬ።
«መጀመሪያ ግን ቁራጭ ላይ፤
ከዚያው ብረት፣ ከዚያው ዝገት።»

ወጣሁ ወደ ግምጃ ቤቱ፣ ወደ ቆርቆሮው፣ ወደ ብርዱ፤
የሚግ ሽቦው ጥቅል በጥቅል፣ እንዳደረ በየመንገዱ፣
ሁሉም መዳብ ለብሰው ተቀምጠው፣ የአንድ እናት ልጆች መሳይ፤
ቁጥሩን ላላነበበ ሰው ምን አላቸው የሚለይ?
አንዱን አነሣሁ፤ ሦስት ቁጥር፤ ቀጭን፤ ዜሮ ነጥብ ስምንት፤
ምን እዋሻለሁ? ስላማረኝ ነው፤ ማንም ሳይነካው ስላገኘሁት።
ሞቃቱ ቤት ስገባ ጥቅሉ ችፍ አለ፣ ላብ አወጣ፤
በእጅጌዬ ጠረግሁት፤ «ውሃ ነው» አልኩ፤ «ምን ሊያመጣ?»

መስመሩ ወረደ፣ ብታዩት! እንደ በዓል ሹሩባ፤
ጭንብሌን ወደ ላይ ስገፋ ዐይኔ አቀረረ እንባ።

ታውኖ ምንም አላለም።
ሞርሳ ላይ አሰረው። መዶሻ አነሣ። አንዴ። ሁለቴ።
ተከፈተ።
ምስጥ የበላው ሳንቃ፣ ቀዳዳ በቀዳዳ።
ሽቦው ከብረቱ ጋር አልተዋወቀም፤
ላዩ ላይ ተኝቶ ነው ያደረው፣ እንደ መሸበት እንግዳ።
ላዩ ሹሩባ፣ ውስጡን ለቄስ።

በዓመት አንዴ የሚናገር ሰው ያን ቀን ተናገረ፦
«ይህ ክንድ ሃያ ክረምት ጨው እየጠጣ የኖረ።
ሦስት ቁጥር አማች ነው፤ ታጥቦ ተወልውሎ ካልጠበቁት ያኮርፋል፤
ስድስት ቁጥር ቤተኛ ነው፤ ከጉድፍ ጋር ቁጭ ብሎ ይበላል።
ሲሊከኑ፣ ማንጋኒዙ በርከት ያለ፤ ከቀለጠው ኩሬ ገብቶ
ዝገት የደበቀውን ኦክስጅን ያወጣዋል ለቅሞ፣ ጎትቶ።
ሰባ የሚለው ጉልበታቸው ነው፤ ሁለቱም እኩል አላቸው፤
አንቺ የምትመርጪው ጠባይ ነው፤ የመጨረሻዋ ቁጥር ናት ጠባያቸው።
ደግሞስ ለዚህ ውፍረት ስምንት? በሬ በማንኪያ ይጠጣል?
ብርድ ያደረ ሽቦስ ከነላቡ እሳት ይገባል?»
ሲጨርስ ያዘነ መሰለኝ፣ ይህን ሁሉ ቃል በማባከኑ፤
«ብቻ ሞርጂ። ታጋሽ ነው ተብሎ ሁሉ አይጫንም በጎኑ።»

ያን ሌሊት ስድስት ቁጥር፣ አንድ ነጥብ ሁለት፣ ከነላስቲኩ
ከማሞቂያው አጠገብ አደረ።
በማግስቱ ሮለሩን ለወጥኩ በልኩ፣ የችቦውንም ጫፍ በልኩ፤
ማጥበቂያውን ጥቂት በጥቂት፦
ቢላላ ይንሸራተታል፣ ቢጠብቅ ይደፈጠጣል፤
የልጅ እጅ ይዞ መንገድ እንደ መሻገር።
ብረቱን ነጭ እስኪሆን ሞረድኩ።
የባሕሩ ነፋስ ጋዙን እንዳይሰርቀኝ በሩን ዘጋሁ።
ለኮስኩ።

ድምፁ መጣ፦ ቅቤ ላይ የተጣሉ ትንንሽ ዓሦች፣
ሳይጮኹ፣ ሳያቋርጡ።

መስመሩ እንደ ትናንቱ አላማረም። ሰፋ፣ ደለበ፤
ጀርባው ላይ ቡናማ ብርጭቆ እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ አለበት፤
የጉድፉ ቅሪት ነበር፣ ሽቦው ከሥር ጎትቶ አውጥቶ
«እነሆ፣ ይኼ ነበረብሽ» ብሎ ያስቀመጠው።
ቀለም ሳይነካው አንድ በአንድ ፈልፍዬ አነሣሁት።
የፈተናው ቁራጭም ሞርሳ ላይ ታጠፈ፣
እንደ ክርን ታጠፈ፤
አልተከፈተም።

ኦይቫ መጣ። ክንዱን ዳበሰ።
«አያምርም» አለ።
«አያምርም» አለ ታውኖ።
ከፍሎ ሄደ፤ አሁንም ጓንቱን ረሳ።

ያ ሹሩባው፣ ያ ውቡ፣ ዛሬ የበራችን ማስደገፊያ ነው፤
እንግዳ ሲመጣ ጎንበስ ይልና
«ሲያምር! ማን በየደው?» ይለኛል፤
ገልብጬ አሳየዋለሁ።