ሰም

በዊኒፔግ ሐይቅ ዳር፣ ከጊምሊ ወደብ ጫፍ፣
የቶርኬል ተሳቢ፣ ለብሶ አሮጌ ምንጣፍ፣
ጀልባይቱን ይዞ አልለቅም ይላታል፤
ውሃው ሲጠራት እንጨቱ ያስቀራታል።

ድሮ ሲግሩን ነበረች፤
በቦቲ ጫማዋ እስከ ጉልበት ገብታ፣
በትከሻዋ ገፍታ፣
«ሂጂ፣ አንቺ ግትር!»
ስትላት፣ ትሄድ ነበር።
ዘንድሮ ትከሻው የለም፤
የቶርኬል ወገብም እንደ ልቡ አይታጠፍም።

ሳሙና ቀባበት፤ በአንድ ቀን ታጠበ።
የሞተር ዘይት ይዞ መጣና፣ አሰበ፤
«ዓሣው ምን በደለኝ?» አለና ከደነው።
ማታ መሳቢያ ከፍቶ ያገኘው ምንድነው፦
የሻማ ቁራጮች፣ በክር ተጠፍረው፤
መብራት በበረዶ ለሚጠፋበት ቀን
ሲግሩን በስስት ያስቀመጠቻቸው።
ምንጣፉ ላይ ፈትጎ፣ በካውያዋ አቅልጦ፣
አጠጣው ሌሊቱን፣ ጓሮ ተቀምጦ።

ጠዋት መኪናውን የነዳሁት እኔ ነኝ።
ወደ ኋላ ስመጣ፣ ቁልቁለቱን ሳልወርድ፣
እንደ ልማዱ ፈታው የፊቱን ገመድ።
ማንም አልገፋትም!
ሽው አለች ጀልባዋ፣ ውሃም አልጠበቀች፤
ሲሚንቶው ላይ ወርዳ ቂጢጥ ብላ ተቀመጠች።

እኔ ጮህኩ። ቶርኬል ግን ዝም ብሎ አያትና
ሳቁ ፈነዳበት፣ ከመጋቢት ወዲህ ያልሰማሁት ሳቅ፤
«አይ ሲግሩን!» አለ፣ ዓይኑን እየጠረገ፣ «ይኸው ገፋሽና!»

ከዚያ ወዲህ ገመድ፣ ጎማው ሳይርስ፣ አይፈታም።
ጀልባዋ በሁለት ጣት ትወርዳለች ዛሬም።
የሆዷን ጭረት ግን፣ ክንድ የሚያህለውን፣
ቀለም ግዛ ስለው፣
«ይቆይ» ነው የሚለው።