የግራ ጎኔ ተራ

ድሮ እኔ ነበርኩ ተራ አስከባሪ፤
ለሚኒባስ ገሳጭ፣ ለአውቶቡስ መሪ።
«ደብረ ሲና፣ ሮቢት! አንድ ሰው የቀረው!
አንተ ወደኋላ፣ ተራው የእሱ ነው!»
ጉሮሮዬ ጥሩምባ፣ ክንዴ መቀርቀሪያ፤
ካልፈቀድኩ አይወጣም ማንም ከመናኸሪያ።

አንድ የኅዳር ጠዋት ደብረ ብርሃን ሲነጣ፣
የሰው በግ ልጭን ጣሪያ ላይ ስወጣ፣
ውርጭ የለበሰው ብረት አዳለጠኝ፤
በጉ በእግሩ አረፈ፣ እኔን ባንገት ጣለኝ።

ይኸው ዘጠኝ ዓመት።
ከትከሻዬ በታች ያለው አገሬ
ቢጠሩት አይሰማም፣ ቢቆነጥጡት አይመልስም።
ቢሆንም አስተዳድረዋለሁ፣
በአፍ ብቻ፣ እንደ ድሮው፣ በተራ።

«ይታገሱ! ሰዓት ሞላ። የግራ ጎኔ ተራ ነው!»
አስራ አምስት ዓመቱ ነው። ስሙን ያወጣችው እናቱ ናት፣
ነገሩን ሁሉ አስቀድማ የሰማች ይመስል።
(አሁን ቤሩት ናት፤ የቱቦና የጓንት መግዣ ትልካለች።)
ዐይኑን ሳይገልጥ ይነሣል፤
አንድ እጁን ከወገቤ፣ አንዱን ከትከሻዬ ሥር ሰዶ
ያዞረኛል፤ በጉልበቶቼ መሀል ትራስ ይሸጉጣል።
ቀኝ፣ ጀርባ፣ ግራ፣ ሌሊቱን ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ።
አንዴ ተራ ዘለልን፣ ለቅሶ ቤት አምሽቶ፤
ተረከዜ እስከ ፋሲካ አልዳነም።

ሲነጋ መስታወት ይዞ ቆዳዬን ያነብልኛል፦
«እዚህ ቀላ ብሏል አባዬ። ሳንቲም ታክላለች።»
ያቺን ሳንቲም ቀኑን ሙሉ ማንም አይተኛባትም።

እትዬ ጌጤነሽ ብርዱ አሳዝኗት
በሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልታ ጭኔ ሥር አኖረችልኝ።
መቃጠሌን የነገረኝ ጭኔ አይደለም፣ የልጁ ጩኸት ነው።
«እትዬ፣» አልኳት ኋላ፣ «ደግነትም ይለካል፤
መጀመሪያ በክርንሽ ሞክሪው።»
ላቀው ጎሚስታው የተሽከርካሪ ወንበሬን ጎማ በነጻ ይለጥፋል፤
መቀመጫ ይሁንህ ብሎም ያሮጌ አውቶቡስ ከመነዳሪ ነፍቶ አመጣ።
ሲስተር ገና ስታየው «ክብ ነገር ደም ያግዳል፣ አውጡት» አለች።
አሁን ድመቷ ትተኛበታለች፣
በሁለት ጎኗ፣ በፈለገችው ሰዓት።

ትናንት ሌሊት ግን
ራሴን በመዶሻ። ፊቴ ላብ በላብ፤ የማጅራቴ ጸጉር ቆመ።
ወባ አይደለም፣ ቡዳም አይደለም፤ አውቀዋለሁ፦
ታች የሆነ ቦታ መንገድ ተዘግቷል።
ጣርማ በር ላይ መኪና ሲገለበጥ እንዲህ ነበር፤
ሹፌሩ ሳይደውል እኔ ከሰልፉ እለየው ነበር፣
ጥሩምባው ሁሉ እኔ ጆሮ ላይ ሲጮህ።

«ይታገሱ! ቀና አድርገኝ፣ አስቀምጠኝ! አሁን ቱቦውን ተከተል።
ከከረጢቱ ጀምር። ወደላይ። በእጅህ ዳብስ።»
ብርድ ልብሱን ገለጠ፣ ሁለተኛውን ገለጠ፣ ጋቢውን ገለጠ፤
የታጠፈው እሱ ራሱ የተኛበት ቦታ ላይ ነበር፣
እንቅልፍ ከጎኔ ጥሎት፣ በጉልበቱ ሥር።
ፈታው።
አልተሰማኝም፤ ሲወርድ ግን ሰማሁት፣
ከረጢቱ ውስጥ፣ እንደ ክረምት አሸንዳ።
ራሴ ቀስ እያለ ተከፈተ፤ መጀመሪያ ግንባሬ፣ ከዚያ ዐይኔ።

ልጁ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያለቅሳል።
«ልገድልህ ነበር።»
«መንገድ ይዘጋል፣ ይከፈታል። ስንት ሰዓት ሆነ?»
«አስር ከሩብ።»
ከወዲያ፣ ከመናኸሪያው፣ ብርድ የያዘው ሞተር
አንዴ ሳለ፣ ሁለቴ ሳለ፣ ተነሣ።
ማን እንዳሰለፈው አላውቅም።
ይታገሱ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ
ትራሱን ሊያስተካክል ተነሣ፣ የቀኝ ጎኔን ሊያዞር።
«ተው፣» አልኩት፣ «ቅድም ዞሬያለሁ።

እንግዲያ ተኛ፣ አሁን ያንተ ተራ፤
እኔ እቆጥራለሁ፣ ሲሞላ ልጣራ።»