የጀልባ ነጂው ሒሳብ

እንኳን ደኅና መጣችሁ፤ ሰደሪያውን እሰሩ፤
ጣና ጠዋት ገር ነው፥ ከሰዓት ነው ነገሩ።
አዝመራው እባላለሁ፤ ትናንት ሆቴሉ ደጅ ገመድ እየቋጠርሁ
በመስኮቱ በኩል ስብሰባችሁን ሰማሁ።
«ሽግግር» ስትሉ፥ «ፍትሐዊ» ስትሉ፤
መልካም ነው አልሁ፤ ብቻ ሶኬት የለው ቃሉ።

ጭሱ ጉሮሮ ቢይዛችሁ ይቅርታ፥ እኔንም ያስለኛል፤
አሮጌ ሞተር ነው፤ አገራችሁ ሲሰለች የመጣ ይመስለኛል።
ቤንዚኑ በሃይላንድ ነው፥ ከጓሮ የተገዛ፤
ዋጋው በየሳምንቱ እንደ እምቦጭ የሚበዛ።

በስተቀኝ እዩልኝ፥ ያን የደንገል ታንኳ፤
ይታይሽ ናት ቀዛፊዋ፤ ዶሮ ሳይጮህ እንኳ
ከዘጌ ተነሥታ ማገዶ ጭናለች፤
ዛፏ ዛሬ ገበያ ናት፥ ነገ ጭስ ትሆናለች።
«ዛፍ አትቁረጪ» የሚል ሰሌዳ ቆሞላታል፤
በምን ታብስል? ያንን ግን ማን ጽፎላታል?

ጢስ ዓባይንም ታውቁታላችሁ፤ ጢሱ ውኃ ነበር፤
ውኃው ተርባይን ገባ፥ መብራት ሆኖ ሊበር።
ሽቦው በጎጆዎቹ ላይ አለፈ፥ አንድ ሌሊት ሳያድር።
አሁን ጢስ የሚባለው የጎጆው ጢስ ነው፤
ስሙን የወረሰው።

ደቅ ስንደርስ ጤና ጣቢያውን አሳያችኋለሁ፤
አዋላጇን፥ ጥሩዘርን፥ ከልጅነቷ አውቃለሁ።
ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ አለ፤ የእርዳታ ነው፥ ፎቶ ተነሥቶለታል፤
ባትሪው ከሞተ ግን ሦስት ክረምት አልፎታል።
ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት፥ ስልኳን በጥርሷ ነክሳ፥ በዚያች ጭላንጭል
መንታ ታዋልድ ነበር።
አንደኛው አለቀሰ።
ሁለተኛው ሳይወጣ ስልኩ ባትሪ ጨረሰ።

የቀረውን እሷ ትንገራችሁ። እኔ አልችልም።

አሁን መሐሉ ላይ ነን። ሞተሩን አጠፋሁት።
አትደንግጡ። ጸጥታውን ስሙት።
ይኸው ነው የምትሉን፤ «ጭሱ ዓለም ያጠፋል፤
አቁሙት!» እሺ፥ ቆመ። በምን ይቀዘፋል?

ፋብሪካችሁ ሲያጨስ መቶ ዓመት፥ ሁለት መቶ፥
እኛ ጋ ነው ዝናቡ የቀረው ወሩን ስቶ።
ድግሱን ሳንቀምሰው ድስቱን አጠብንላችሁ፤
(ጥላሸቱ ይኸው፥ እጄን እዩት)
አሁን ደግሞ ብድር ይዛችሁ መጣችሁ፥ ወለዱን አስልታችሁ።
ቤቴን ያቃጠለ ጎረቤት የክዳን ሣር በአራጣ አያበድረኝም፤
ሽማግሌ ፊት ካሣ ነው የሚባል፤ ሌላ ስም የለውም።

ለጥሩዘር ባትሪ፤ ሲሞት የሚጠግነው ልጅም፥ ከዚሁ ከደሴቷ፤
ለይታይሽ ምድጃ ብቻ አይበቃም፤ እንጨቱን ስትተው ምን ይብላ ቤቷ?
ከዚያ ከረጅሙ ሽቦ አንድ ክር ወደ ታች፥ ለጢስ ዓባይ።
ለእኔማ ጭስ የሌለው ሞተር፤ ባይሆን መቅዘፊያ፤
ባዶ እጅ ግን አይሆንም፥ እዚህ ሐይቅ ላይ።

ያ ጥቁር መስመር ይታያችኋል፥ በጎርጎራ በኩል? ነፋሱ ነው፥ መጣ።
ሞተሩን አስነሣለሁ፤ ማንም ሰው አይቆጣ።
የጀልባውን ኪራይ ሆቴሉ ከፍሎላችኋል፤
ሌላኛው ሒሳብ ግን ገና ይቀራችኋል።