ጆሮሽ ይታይ

የኔ እንጀራ ጉርድ ፎቶ ነው፤ ወገል ጤና መሀል፣
ካንዲት ጠባብ ክፍል ነጭ አንሶላ ተሰቅሏል።
ለመታወቂያ ይሁን፣ ላረብ አገር ጉዞ፣
የመጣው ሁሉ ይቀመጣል ትንፋሹን ይዞ።
«ቀና በይ፣ አትሳቂ፣ ሻሽሽን ገፋ አርጊ፣
ጆሮሽ ይታይ» እላለሁ፤ «ሕጉ ነው፣ አትስጊ።»

ጥቅምት በባተ ለት መምህርት ትብለጥ መጣች፣
ቀሚሷን ጤዛ በልቶት፣ «ካሜራህን ያዝ» አለች።
«ማንን ላነሣ?» ብላት፣
«የጅብ ሽንኩርት» ብላ መለሰች።

ያን አበባ እንኳ ማን የማያውቀው አለ?
ዝናቡ ሲያባራ ከሣሩ ብቅ ያለ፣
ነጭ፣ ከመሬት የተጣበቀ፣ አጭር፣
በሬ የሚንቀው፣ ልጅ የማይሰካው በክር።
«ሁሉም አንድ ነው» አልኳት።

አልሳቀችም። አጉሊ መነጽሯን አቀበለችኝና፣
«መንታ ወንድማማች ቢመጡ ካንተ ቤት ለጉርድ ፎቶ፣
አንዱን አንሥተህ ለሁለቱ ታድላለህ?» አለች።

ተንበረከክሁ። ጉልበቴ ውርጭ ጠጣ።
አንዷ ከሥሯ አረንጓዴ ነጥብ አላት፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል።
አንዷ ደም ሥሯ ወይን ጠጅ፣ እንደ ሽማግሌ እጅ የተገተረ።
አንዷ አንገቷን የደፋች፣ ባለዕዳዋን ገበያ ላይ እንዳየች።
ሌላዋ ቀጥ ያለች፤ ስብሰባ የምትመራ።
ስም አወጣንላቸው፦ ሰሊጤ፣ አያ ሽምግልና፣
አንገት ደፊ፣ ሊቀመንበር።
የሳይንሱን ስም ትብለጥ ለብቻው ጻፈች፣ በቀይ።

እኔ ጥቁር ጃንጥላዬን ከኋላቸው ዘርግቼ፣
ፊት ለፊት፣ በጎን፣ ከሥር፣ በሆዴ ተኝቼ፣
ያጠላባትን ቅጠል በሣር ስንጥር ገፍቼ፣
ስንቱን ማለዳ ፈጀሁ ከገደሉ አፋፍ፣
ጉሙ ወደ በሽሎ ቁልቁል ወርዶ ሲያርፍ።

ግን ደላንታ ላይ ማንም በከንቱ አይንበረከክም።
ዱዓ ወይ ጸሎት ካልሆነ፣ ኦፓል ነው።
ቆፋሪው ጦይብ ካሻገር አይቶናል፣ ሦስት ጧት ሙሉ፣
መነጽሩን፣ ደብተሩን፣ ሹክሹክታውን፣ ሁሉ።
ባራተኛው ሌሊት መጣ፣ ዶማና ባትሪ ይዞ፤
ስንደርስ መስኩ ተገልብጧል፣ ሥሩ በውርጭ ደንዝዞ።

እዚያ ነበረች ባለሰባት ቅንጣቷ፣ አንዲቷ፤
የሌሎቹ ስድስት ነው፤ ሰባተኛው ነበር ምልክቷ።
አንድ ፎቶ ብቻ አለኝ፣ እሱንም ነፋስ አደብዝዞታል።
ትብለጥ አላለቀሰችም። የተረፉትን ቆጠረች፣
በመሐረቧ ቋጠረች።

ኅዳር ሲያልቅ ጦይብ መጣ፣ ለመታወቂያ እድሳት።
ተቀመጠ። ቀና አለ። ጆሮው ታየ።
አንሥቼው ስጨርስ ግን አልተነሣም።
ከካፖርቱ ኪስ የላስቲክ ጠርሙስ አወጣ፣
ኦፓል እንዳይሰነጠቅ ውሃ ውስጥ የሚያኖርበትን።
ውስጡ አንዲት ሽንኩርት፣ ካውራ ጣት የማትበልጥ፣
ጢሟን አንጨፍርራ።
«ውድ ነገር ነው ብዬ እንጂ... እናንተ በጉልበታችሁ...»
ቀሪውን ዋጠው።

ዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ተከልናት፣ ከመስኮቱ ሥር።
በየጁምዓው፣ ከስግደት መልስ፣ ብቅ ብሎ ያያት ነበር፤
አፈር ብቻ ሆና ሳለችም።

በዓመቱ ጥቅምት ወጣች።
ስድስት ቅንጣት።
ደግመን ቆጠርን። ስድስት።
ትብለጥ መነጽሯን አነሣች፣ አስቀመጠች፣
«ያን ዓመት ጠግባ ኖሮ ይሆናል፤
ወይም ይቺ ጎረቤቷ ናት» አለች።
በእርሳስ ጻፈችው፣ ከነጥያቄ ምልክቱ።

ጦይብ ግን «እሷው ናት» ብሎ ማለ፤ «እጄ ያውቃታል።»
ጃንጥላውን እሱ ያዘልኝ፤ ጥቁሩ ጨርቅ ይንቀጠቀጣል።
በሩ ተከፍቶ ነፋስ ገባ፣ አበባዋ ዞር አለችብን።
ሦስታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።
ጦይብ ጎንበስ አለና፣ ማንም እንዳይሰማው፣
«ቀና በይ» አላት፣
«ጆሮሽ ይታይ።»