አሥራ አራት ቁልፍ

ማክሰኞ ረፋድ ነው ሰርቪስ ያስገባኋት፤
ዘይት ለወጥንላት፣ ካንዴላ ገዛሁላት፣
ፊልትሮዋም አዲስ ነው።
"በል እንግዲህ ንዳት!" አለኝ ነዚፍ ስቆ፣
ጥቁር መዳፎቹን በቡትቶ አድርቆ፣
"እስከ አምስት ሺህ ኪሎ አታስታውሰኝም።"

ኀሙስ አስታወስኩት።

ከሰርቦ ስመለስ፣ ከቦዬ ውሃ ዳር፣
ጉማሬው ሲያጓራ፣ ካፊያ ሲጀማምር፣
አንድ ድምፅ ተሰማኝ ከኮፈኗ ግድም፣
ቀጭን፣ እንደ ጥርስ ፍጭት፣ ዝም ቢሉት የማይቆም።
ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁ።
ሰው ያልወደደውን ድምፅ እንዲህ ነው የሚሰማው።
ከዚያ ኳኳ አለ፣ እንደ ሌሊት እንግዳ፤
ቀይዋ የዘይት መብራት ዓይኔ ላይ ስትፈነዳ
አንድ ጊዜ፣ ቋ!
ከዚያ ምንም።

መሪው ድንጋይ ሆነ። በገዛ ክብደቷ
ተንከባላ ተንከባላ፣ ሣሩ ጫፍ ላይ አለቀ ጉልበቷ።
የአራት ዓመት እቁብ፣ ሁለት ሙሉ ዕጣ፣
ኮፈኗን ስከፍተው ጭስ ሆኖ ወጣ።
የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዤ ብዳስሰው
ደረቅ ነው፤
በሮመዳን፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ያለ ምላስ ነው።

አቮካዶ የጫነ አይሱዙ ጎተተኝ በገመድ፤
በአጂፕ በኩል ገባን፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ በዋናው መንገድ።
ፈረንጅ አራዳ ላይ የማውቀው ሰው ሁሉ ለሞተር ሐኪም ነው፦
አንዱ "ዘይቱ አልተስማማትም" አለ፣
አንዱ "ዓይን ነው" አለ፣
አንዱ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ፣
"ጤነኛ መኪና ጋራዥ ውሰድ ማን አለህ?"

በነጋው ነዚፍ ካርቶን አነጠፈ፣ ከሥሯ ገባ።
ለረጅም ጊዜ ጫማው ብቻ ታየኝ።
ሲወጣ ፊቴን አላየም።
"ሞተሩ ነክሷል" አለ። "የዘይት ማፍሰሻው ቡሎን የለም።
ክሩ ደህና ነው። በጣት ገብቶ ነበር፣
በቁልፍ አልጠበቀም።"
ያገለገለ ሞተር ስንት እንደሚል ጠየቅሁት፤
የነገረኝን ቁጥር ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።
ከዚያ ዞሮ ተጣራ፦ "ምፍታ!"

ምፍታ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ከደዶ የመጣ፣
ቀን ቀን ብረት ያጥባል፣ በባልዲ ናፍጣ፣
ማታ ማታ አምስተኛ ክፍል።
ጌታው ጆሮውን ይዞ "ማን ነው ያላጠበቀው?" ሲለው
አልካደም፤ አላመነም፤
ዓይኑን አንሥቶ እኔን አየኝ።
ብቻ።

ማክሰኞ ረፋድ።
እሱ ከመኪናዋ ሥር፣ እግሮቹ ውጭ፣
የአንደኛው ኮንጎ ማሰሪያ በሽቦ የተሰፋ፣
አሥራ አራት ቁልፍ በእጁ፣ የመጨረሻው ዙር ሲቀረው፣
"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "ሮጥ በልና ሁለት ሲጋራ።"
"ይቺን ላጥብቅና ጋሼ..."
"ሂድ ስትባል ሂድ!"
ቁልፉን መሬት ላይ አስቀመጠው፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ እንቁላል።
ሮጠ።
ነዚፍ ያለቀ መስሎት ክሪኩን አወረደ፤
አዲሱ ዘይት፣ ማር መስሎ፣ ወደ ውስጥ ወረደ።

ይህን የማውቀው እኔ ነኝ። እና እሱ።

"ልጅ ነው ነዚፍ፣ ተወው" አልኩ፤
ድምፄ እንዴት ለስላሳ ነበር!
"አንተ ጨዋ ሰው ነህ" አለኝ፣ አንገቱን ደፍቶ፣
"ሌላው ቢሆን ፖሊስ ይዞ ነበር የሚመጣ።
የሞተሩን ግማሽ እችላለሁ። እሱ ግን ይውጣ።"

ምፍታ ልብሱን በፌስታል ቋጥሮ በሩ ጋ ቆመ።
ማክሰኞም እዚያው ነበር የቆመው፣ እያለከለከ፣
በአንድ እጁ ሲጋራዬ፣ በሌላው ሳንቲሞች፦
"ጋሼ፣ መልስ።"
ቆጥሬ ነበር የተቀበልኩት።

አሁንም ቆሟል። እጁ ባዶ ነው።
መልስ የሚጠብቀው ዛሬ እሱ ነው።
እኔ ኪሴ ውስጥ እጄን ከትቼ
ሳንቲም እቆጥራለሁ።